በትንሿ ቴሌቪዥን ስሚው

ጋሽ ይልማ ጡረታ በወጡበት ቀን መሥሪያ ቤቱ ኬክ አስቆረሰላቸው። አለቆቻችን በየተራ እየተነሡ በእንግሊዝኛና በዓረብኛ አመሰገኗቸው። በመጨረሻ የስርጭት መኪናችን ሹፌር ቢጁ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገና «ጋሽ ትርንጎ ትናገር!» አለ። ቢጁ የኬረላ ሰው ነው። «ጋሽ» የተከበረ ሰው ሁሉ መጠሪያ ስለሚመስለው እኔንም ጋሽ ይለኛል። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ የኬክ ሳህኔን ይዤ ወደ ኩሽናው ገባሁና ቧንቧ ከፍቼ የታጠበውን ሳህን እንደገና ሳጥብ ቆየሁ።

ያን ቀን ያልተናገርኩትን ነው አሁን የምጽፈው። በዕድሜዬ ገና ነኝ፤ የሠራሁበት ሙያ ግን ከጋሽ ይልማ ጋር አብሮ ጡረታ ወጥቷል። ስንሸከማቸው፣ ስንገጥማቸውና ስንፈታቸው የኖርናቸው የድምፅ ሳጥኖች አቡ ዳቢ ካለው የማሽን ክፍላችን ተነቅለው ሄደዋል። ሥራቸውን አሁን የሚሠራው ፕሮግራም ነው። የት ተቀምጦ እንደሚሠራው እንኳ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ ይህንንም የምጽፈው እየፈራሁ ነው። ግን ጋሽ ይልማ «የፈራሽውን ነገር ቀስ ብለሽ ሥሪው እንጂ አትተይው» ይሉኝ ነበር።

ከወልድያ ወጣ ካለ ገጠር መጥቼ መጀመሪያ የገባሁት አቡ ዳቢ፣ ባኒያስ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ቪላ ቤት ነው። ሥራዬ የቤቱን ትልቅ እናት መንከባከብ ነበር። ስሟ ኡም ሰዒድ ነው፤ እኛ ሠራተኞቹ ማማ ከቢራ፣ ትልቋ እማማ፣ እንላታለን። በዚያ ቤት ዓረብኛ ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር ስለሌለ አንቺ እያልኳት ኖርኩ፤ በአማርኛም ሳስባት እንደ እናቴ አንቺ ናት። ዐይኗ በእርጅና ጠፍቷል። እኔን «ትሪንጃ» ትለኛለች፤ አል አይን ከተማ ተወልዳ ባደገችበት የተምር እርሻ ውስጥ የትርንጎ ዛፍ ነበረን ብላ ስሜን ወዳልኛለች።

ሳሎን ውስጥ ግድግዳውን የሞላ ቴሌቪዥን ነበር። እሷ ግን አንድ ቀን እዚያ ቁጭ ብላ አታውቅም። አልጋዋ አጠገብ፣ ቁም ሣጥን ላይ፣ ባለ አንድ ስፒከር ትንሽ አሮጌ ቴሌቪዥን አላት።

«ማማ፣ ሳሎን ያለው እኮ ድምፁ ትልቅ ነው» ስላት፣

«የሳሎኑ ይጮኻል። የኔው ያወራኛል» አለችኝ።

እኔ ምስሉን እነግራታለሁ፣ እሷ ድምፁን ትነግረኛለች። «ይሄ ሰውዬ ተቀምጦ አይደለም የሚያወራው፣ ቆሟል» ትለኛለች፤ ሳየው ቆሟል። «ይቺ ሴት አሁን ሳቀች» ትላለች፤ የሴትዮዋን ፊት ሳየው ገና ጥርሷ አልተከደነም። መስማት ሥራ መሆኑን ያወቅሁት እዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

ልጇ ሰዒድ አንድ የቴሌቪዥን ድርጅት ቢሮ ውስጥ ይሠራል። አንድ ቀን ተጨንቆ መጣ። ከአንድ የሴቶች ግብዣ ላይ ቀጥታ ስርጭት ሊያደርጉ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ግን ወንድ አይገባም፤ የድርጅቱ የድምፅ ሠራተኞች ደግሞ ሁሉም ወንዶች ናቸው። ማዳምን፣ ማለትም ሚስቱን፣ «ትሪንጃን ለዛሬ አውሱኝ፣ ገመድ ትሰካልኝ» አላት። እኔን የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝም አፌ አይፈታም ነበር።

አዳራሹ በር ላይ አንድ ሽበታም ሐበሻ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ቆመዋል። ስልክ ጆሮዬ ላይ አስደርገውኝ ወደ ውስጥ ላኩኝ።

«ስምሽ ማነው?»

«ትርንጎ።»

«አልሰማሁም። ለኔ ካልደረሰኝ ለሕዝቡ እንዴት ይደርሳል?»

«ትርንጎ!»

«እንዲህ ነው እንጂ። እኔ ይልማ እባላለሁ። ዐይኔ እዚያ ስለማይገባ ዐይን የምትሆኚኝ አንቺ ነሽ። ምን ይታይሻል?»

«ሳጥን።»

«ምን ዓይነት ሳጥን?»

«ጥቁር።»

«ጎሽ! በዚህ ሙያ ጥቁር ያልሆነ ሳጥን የለም። ጀርባውን እይልኝ።»

ጀርባውን ሳይ ደነገጥኩ። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ፣ በእስክርቢቶ «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» ተብሎ በአማርኛ ተጽፏል። የገመዶቹም ጫፍ ላይ እንዲሁ። «ሀ ያለውን ሀ ውስጥ ክተቺ፤ ጠቅ እስኪል» አሉኝ። ጠቅ አለ። «ለ»ም ጠቅ አለ። ከዚያ ማዳመጫውን አደረግሁና ድምፃቸው ከስልኩ ሳይሆን ከሳጥኑ ውስጥ መጣ፤ «ደረሰሽ?»

«ደርሶኛል» አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳንጠያየቅ ቀርተን አናውቅም። መስመር በተዘረጋ ቁጥር እሳቸው ከአንዱ ጫፍ «ደረሰሽ?» ይላሉ፣ እኔ ከሌላው ጫፍ «ደርሶኛል» እላለሁ። ካልደረሰኝ ደግሞ ዝም እላለሁ። ዝምታዬን እንደ መልስ የተቀበሉኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

አንዴ ያዋሰኝ ቤት ደጋግሞ አዋሰኝ። በኋላ ሰዒድ የካፊል፣ የሕጋዊ አሠሪ ማለት ነው፣ ዝውውሩን ጨርሶ ድርጅቱ ውስጥ አስገባኝ፤ ማዳም በእኔ ቦታ የደሴዋን ሰብለን አመጣች። ማማ ከቢራ ስሰናበታት እጄን ይዛ፣ «ሂጂ። የምሰማው ሁሉ ከአንቺ እጅ ይምጣልኝ» አለችኝ።

ደመወዙ ከበፊቱ ይሻላል፤ ስለሱ ይህ ይበቃል። አለቆችም ተፈራርቀውብኛል። አንዱ በጣም ይጮኻል፣ አንዱ በሰላምታ ብቻ ያልፋል፣ አንዱ በየጠዋቱ ስሜን ይረሳል። ያስተማሩኝ ግን ጋሽ ይልማ ናቸው።

ሳጥኑ ኢንኮደር ይባላል። የሰውን ድምፅ ተቀብሎ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፤ ቁጥሩ በሳተላይት ይሄድና ሰው ቤት ሲደርስ እንደገና ድምፅ ይሆናል። አልገባኝ ሲል ጋሽ ይልማ እንዲህ ብለው አስረዱኝ፤ «ሥጋውን እንዳለ ላኪው ብልሽ ይከብድሻል፣ መንገድ ላይም ይበላሻል። ስለዚህ ቋንጣ አድርገሽ ትልኪዋለሽ፤ የተቀበለው ሰው ወጥ ይሠራበታል። ይህ ሳጥን ቋንጣ አድራቂ ነው። ማድረቅማ ማን ያቅተዋል? ሲበላ ሥጋ ሥጋ ማለቱ ነው ሙያው።»

ቋንጣው መድረቁን የሚፈትኑበት የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ከኪሳቸው የቁልፍ ማሰሪያ ያወጣሉ። አዲስ አበባ ያለው ቤታቸው ቁልፎች ናቸው፤ የግቢው በር፣ የሳሎኑ፣ የዕቃ ቤቱ። ማይኩ ፊት ያንቃጭሉታል። ሳጥኑ ከድምፁ ላይ ብዙ ከጣለ የቁልፉ ድምፅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይሆናል። ደህና ከተስተካከለ ግን የትኛው ቁልፍ የትኛውን እንደመታ ይለያል። እኔም እየቆየሁ ለየሁት። «አሁን የግቢው ነው የመታው» ስላቸው በጣም ይስቃሉ።

«ጋሽዬ፣ እዚህ የማይከፍት ቁልፍ ለምን ይሸከማሉ?» አልኳቸው አንድ ጊዜ፣ አፌን ደፍሬ።

«እዚህም ይከፍታል። ሥራዬን የከፈተልኝ ማን ሆነና?»

የድምፁን መጠን ሲያስተምሩኝ ሳጥኑ ላይ ያለውን ቀይ መብራት ያሳዩኛል። በድሮው ማሽን ድምፅ ሲበዛ ይሻክራል፣ በዚህኛው ግን ይቆረጣል፤ የተቆረጠው አይመለስም። ስለዚህ ሰውየው በዝግታ ሲናገር ሳይሆን ሲስቅና ሲቆጣ ለኪው ይሉኛል። ምስልና ድምፅ እኩል እንዲደርሱም ካሜራ ፊት አቁመው ያስጨበጭቡኛል። ምስሉ ስለሚከብድ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ድምፁን ይዘን ማስጠበቅ አለብን። ከሰው ፊት መቆም የሚያስፈራኝ ልጅ በየከተማው ካሜራ ፊት ሳጨበጭብ ኖርኩ። ቢጁ ከመኪናው ውስጥ «አርቲስቷ!» እያለ ይጮኽብኛል።

ከሁሉ በላይ ግን የማይተዉት አንድ ነገር ነበር። በሄዱበት ሁሉ በጨርቅ የተጠቀለለች፣ ባለ አንድ ስፒከር ትንሽ ቴሌቪዥን ይዘው ይሄዳሉ። መኪናው ውስጥ ውድ ውድ ስፒከሮች አሉ። እሳቸው ግን ስርጭቱ ከመጀመሩ በፊት ድምፁ ሳተላይት ደርሶ ሲመለስ በዚያች ትንሽ ቴሌቪዥን ካልሰሙት አያምኑም።

«የላክሽውን አትስሚ፣ የደረሰውን ስሚ» ይሉኛል። «ደህና ዕቃ ያለው ሰው ደህና ይሰማል፤ እሱን ተይው። ዘበኛውን አስቢ። ሱቅ ውስጥ ያለውን አስቢ። በትንሿ ቴሌቪዥን ስሚው።»

እኔ የማስበው ሁልጊዜ ማማ ከቢራን ነበር።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

ማማ ከቢራ አንድ ታናሽ ወንድም አላት፤ ሐመድ ይባላሉ። አል አይን፣ ዛኸር ሰፈር ይኖራሉ። እሷ ረጅም የመኪና መንገድ አትችልም፣ እሳቸው ልባቸውን ታመዋል፤ ስለዚህ ከተገናኙ ብዙ ጊዜያቸው ነው። ሐመድ ገጣሚ ናቸው። ልጆች ሳሉ ቤተሰቡ በግመል ከባሕሩ ዳር ወደ አል አይን ሲመለስ፣ ወንድሟ እንቅልፍ ወስዶት እንዳይወድቅ እሷ መንገዱን ሙሉ ስሙን ስትጠራው አነጋች። እሳቸው ካደጉ በኋላ በዚያ ላይ ግጥም ሠሩ። በወንዶች ጉባኤ የእህት ስም አይጠራምና ግጥሙ ውስጥ ስሟ የለም፤ «ስሜን የጠራችኝ» ብቻ ነው የሚላት።

እዚያው አል አይን፣ ከአል ጃሂሊ ግንብ ብዙም በማይርቅ አዳራሽ የሽማግሌዎች የግጥም ጉባኤ ተዘጋጀና ቀጥታ ስርጭት ሆነ። ሐመድ ለልብ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ቤት ሊገቡ ነበር፤ ከዚያ በፊት የእህቴን ግጥም እላለሁ አሉ። ሰዒድ አጎቱን ለማጀብ ወደ አል አይን ሄደ። ማማ ከቢራ ባኒያስ ቀርታ ከሰብለ ጋር ትንሿ ቴሌቪዥኗ ፊት ተቀመጠች። ከእኔ እጅ የሚመጣ ድምፅ ይኸው መጣላት ብዬ ደስ አለኝ።

የእኛ ሳጥን ሌላ ሥራ ላይ ስለነበር ያን ቀን በኪራይ ሳጥንና በኪራይ ገመድ ሠራን። ሀ የለው፣ ለ የለው። ገጥመን ጨረስን፤ መኪናው ውስጥ ስንሰማው ጥሩ ነው። ስርጭቱ ከአስር ሶላት፣ ከቀትር በኋላው ጸሎት፣ ትንሽ ቆየት ብሎ ይጀመራል ተብሎ ነበር። ጋሽ ይልማ ትንሿን ቴሌቪዥን ከጨርቋ እየፈቱ ሳለ፣ ሐመድ ቀድመው መጥተው መድረኩ ላይ ተቀመጡ። ታላቅ ሰው ከተቀመጠ በኋላ «ትንሽ ይጠብቁ» የሚል አፍ እዚያ አገር የለም። በእኛም አገር የለም። የጉባኤው አስተናጋጅ «ቢስሚላህ» አለ፣ ዳይሬክተሩ «ጀምሩ!» አለ። ጋሽ ይልማ ቴሌቪዥኗን እንደያዙ ቀሩ። ጀመርን።

ሐመድ የመጀመሪያው ነበሩ። ከመኪናው ሆኜ ድምፃቸውን ሰማሁት፤ ዝቅ ያለና ያልቸኮለ ነው። ከአንዱ ስንኝ ወደ ሌላው ሲያልፉ ሰዎቹ «ሰሕ ልሳንክ!» ይሏቸዋል፤ አንደበትህ አይሳሳት እንደማለት ነው፣ ገጣሚ የሚመረቅበት ቃል። ግጥሙ ሊያልቅ ሲል ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ሰብለ ናት።

«ትርንጎዬ፣ ይሄ ቴሌቪዥን ጉድ ሠራኝ እኮ! ሰውዬው አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ሰዎቹ ሲያጨበጭቡ ግን ይሰማል። በእጄ መታሁት፣ ሶኬቱን ነቀልኩት፣ ኧረ ምንም!»

«ማማስ?»

«‹ጀመረ ወይ?› ትለኛለች። ጀምሯል ስላት ‹ታዲያ የታለ?› ትለኛለች። ከየት ላምጣላት?»

ጋሽ ይልማን እጃቸውን ነካሁ። ዳይሬክተሩ ስለነበረ ጮክ ማለት አልቻልኩም። «ሰውዬው አይሰማም፣ ጭብጨባው ይሰማል» አልኳቸው። አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝና ትንሿን ቴሌቪዥን አበሯት። አስተናጋጁ ቀጣዩን ገጣሚ እያስተዋወቀ ነው፤ ከትንሿ ቴሌቪዥን ግን የሚወጣው የሕዝቡ ኳኳታ ብቻ ነው። ጋሽ ይልማ ሳጥኑ ላይ አንዲት ቁልፍ ተጫኑ። የአስተናጋጁ ድምፅ ከመሬት እንደወጣ ሁሉ መጣ።

ከዚያ በኋላ የተናገረው ሁሉ ተሰማ። ያልተሰማው ሐመድ ብቻ ናቸው።

ምን እንደሆነ ሲያስረዱኝ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ድምፅ በግራና በቀኝ ሁለት ሆኖ ይሄዳል። ከኪራዩ ገመድ በአንዱ ጫፍ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ተገለባብጠው ተበይደዋል። «አንዱ በሩን ከውጭ ይገፋል፣ አንዱ ከውስጥ ይገፋል። እኩል ከገፉ በሩ ንቅንቅ አይልም፤ ያየ ሰው የሚገፋ የለም ይላል። ሁለት ስፒከር ካለሽ ሁለቱ ለየብቻቸው ስለሆኑ ትሰሚያቸዋለሽ። አንድ ስፒከር ላይ ሲገናኙ ግን ይጠፋፋሉ። መሐል ያለው የሰውየው ድምፅ ይጠፋል፣ ዳር ዳሩ ያለው ጭብጨባ ይቀራል። ያቺ የተጫንኳት ቁልፍ አንዱን መልሳ ገለበጠችው።»

በማግሥቱ አለቃችን ቢሮ ተጠራን። አለቃው በትልልቅ ስፒከሮቹ ከፍቶ አሰማን። «ይኸው ይሰማል። የደወሉት ሰዎች ቴሌቪዥናቸው ተበላሽቶ ይሆናል» አለ።

«ሁሉም ባንድ ጊዜ?» አሉ ጋሽ ይልማ። ቀጥለውም፣ «የደረሰውን ሳልሰማ ጀመርኩ። ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። ሽቦውን የበየደውን አላነሡም፣ ዳይሬክተሩንም አላነሡም። እኔ አጠገባቸው ሆኜ መሬት መሬት አያለሁ። ለጊዜው ከመስክ ሥራ ታገዱ።

ባኒያስ ያለው ግን ከዚህ የባሰ ነበር። ሐመድ ያን ምሽት ድካም በርትቶባቸው ቀዶ ሕክምናው ከታሰበው ቀን በፊት ተደረገ። ከዚያ በኋላ መናገር አልቻሉም፤ ጉሮሯቸው ውስጥ ቱቦ ነበር። ሰዒድ ለእናቱ «ደህና ነው፣ ሐኪም ቤት ነው፣ አሁን መናገር አይችልም» አላት።

ማማ ከቢራ ዐይነ ስውር ናት እንጂ ሞኝ አይደለችም። ሰው ሁሉ ተሰማ፣ ወንድሟ ብቻ አልተሰማም። አሁን ደግሞ መናገር አይችልም ይሏታል።

«ሐመድ ሞቷል» አለች። «ሰው ሰብስባችሁ አጨበጨባችሁልኝ።»

ሰዒድ «እናቴ፣ እኔ ራሴ አጠገቡ ነበርኩ! ይኸው ስሚው!» ብሎ ከድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አወጣና በስልኩ ከፈተላት። ስልኩ ባለ አንድ ስፒከር ነው። ጭብጨባ። «ሰሕ ልሳንክ» የሚሉ ወንዶች። ሐመድ የለም።

ሰብለ ደውላ ስትነግረኝ ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር። «ኸላስ፣ አበቃ፣ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አትበላም። መድኃኒቷንም እንቢ አለች። ትርንጎዬ፣ ልክ እንደኛ አገር መርዶ ነው እኮ ያደረገችው። ምን ብንላት አታምንም።»

ገባኝ። በእኛም ቤት ሞት ሲደበቅ እንዲሁ ነው፤ «ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው» ይባላል፣ ድምፁን ማሰማት ግን አይቻልም። ድምፅ ሳትሰማ ምንም ብንላት መርዶ ነው የሚመስላት።

ለጋሽ ይልማ ነገርኳቸው። ኮታቸውን ለበሱና ወደ አለቃው ሄዱ። እኔም ሳልጠራ ተከተልኩ፤ እንደዚያ አድርጌ አላውቅም ነበር። ድምፁ አልጠፋም፤ ቅጂው ላይ አንዱን ወገን ገልብጠን ብናስተካክለው በሩ ይከፈታል፣ እንደገና ይተላለፍ አሉ ጋሽ ይልማ።

«በፍላሽ ቀድተህ ለቤተሰቡ ስጣቸው» አላቸው አለቃው። «እንደገና ማስተላለፍ ስህተታችንን ማወጅ ነው።»

«ጌታዬ፣ በስልክ አሰምተዋት አላመነችም። ፍላሽ ብናመጣላትም የቤት ሰው የሠራው ነው ትላለች። የጠፋው በአየር ላይ ነው፤ በአየር ላይ ይመለስ። እኔ ለሁለተኛ ጊዜ አጠፋሁ ብለው ይጻፉብኝ።»

አለቃው የስርጭት ሰሌዳውን ከፍቶ አየ። በኋላ እኔን አየኝ። ምን እንደታየው አላውቅም፤ እኔ አልቅሼ አልነበረም። «በነገው ከአስር ሶላት በኋላ ክፍት ቦታ አለ» አለ።

በማግሥቱ ባኒያስ ሄድኩ። ክፍሏ ውስጥ ትንሿ ቴሌቪዥን ጨርቅ ለብሳለች። ማማ ከቢራ ፊቷ ወደ ግድግዳ ነው። ጉንጯ ጎድጉዷል።

«ማማ፣ ትሪንጃ ነኝ።»

«አውቄሻለሁ። እግርሽን ታዳምጪ ይመስል ነው የምትራመጂው።»

«ቴሌቪዥኑን ልክፈተው?»

«ኸላስ፣ ልጄ። ከሱ የምሰማው የለኝም።»

ሰብለ በር ላይ ቆማ «በይ እንጂ አግባቢያት» በሚል ዐይን ታየኛለች። ማግባባት አልችልም፤ ሰው ማግባባት የምችል ብሆን ኖሮ በጡረታው ቀን የኬክ ሳህን ሳጥብ አልቆይም ነበር። የምችለው ሥራዬን ነው። ለጋሽ ይልማ ደወልኩና ስልኩን ክፍት አድርጌ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት።

«ማማ፣ ላጽናናሽ አልመጣሁም» አልኳት። «መስመር ልፈትሽ ነው የመጣሁ። አስተማሪዬ ከዚያኛው ጫፍ ናቸው። ከዚህኛው ጫፍ የሚሰማ ሰው እፈልጋለሁ። ያለፈው ጊዜ ድምፁ ተበላሽቶ የደረሰው ወደዚህ ቴሌቪዥን ነው። የኔ ጆሮ አይበቃም። ያንቺን አውሺኝ።»

ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታ እኔ እችላለሁ።

«ምን ልስማልሽ?» አለች በመጨረሻ፣ ፊቷ አሁንም ወደ ግድግዳ እንዳለ።

«የደረሰሽን።»

ጨርቁን አነሣሁና አበራሁት። መጀመሪያ የአዳራሹ ኳኳታ መጣ፤ ትከሻዋ ሲሰበሰብ አየሁ። ያንኑ ጭብጨባ ልናሰማት የመጣን መስሏታል። ከዚያ ከዚያች አንድ ስፒከር ውስጥ፣ ሳይቸኩል፣ ትንሽ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ ሐመድ ጀመሩ።

ማማ ከቢራ ዞረች። ዐይኖቿ ወደ ቴሌቪዥኑ ሳይሆን ወደ ጣሪያው ሄዱ። ሰብለ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ግጥሙ ግመሉን፣ አሸዋውን፣ ጨለማውን አለፈ። «ስሜን የጠራችኝ» የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁ ትንሽ ተሰነጠቀ። በዚያ በመኪናው ውድ ስፒከር ያንን ስንጥቅ አልሰማሁትም ነበር።

«ተቀምጦ ነው የሚናገረው» አለች ማማ ከቢራ በሹክሹክታ። «ደክሞታል። ግን እሱ ነው።»

ከስልኩ ጋሽ ይልማ «ደረሰሽ?» አሉ።

ግጥሙ አለቀ፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ወንዶች ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ማማ ከቢራ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ፣ ጮክ ባለ ድምፅ ቀደመቻቸው፤

«ሰሕ ልሳንክ፣ ያ ሐመድ!»

ስልኩ ውስጥ ጋሽ ይልማ አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ተሰማኝ፤ ዘጉት። ማማ ከቢራ መዳፏን ወደ ሰብለ ዘረጋች። «መድኃኒቱን አምጪ። ሾርባው ግን የትናንቱ ከሆነ አልበላም» አለች። ሰብለ እየሳቀችና እያለቀሰች ወደ ወጥ ቤት ሮጠች።

ሐመድ ቱቦው ሲወጣላቸው መጀመሪያ የደወሉት ለእህታቸው ነው። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ሰብለ እንደነገረችኝ ግን ማማ ከቢራ ብዙ አላወራችም፤ ስማቸውን ብቻ ነበር ደጋግማ የምትጠራው።

ጋሽ ይልማ በኋላ ወደ መስክ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ታላቅ ሰው ቀድሞ መጥቶ ቢቀመጥ፣ ቢጁ ተምርና ውኃ ይዞ ይገባና እንግዳውን እያጫወተ ያቆይልናል። ማንም ጠብቁ አላለም፤ ተምር ቀረበ እንጂ። እኔ እስከዚያ የደረሰውን እሰማለሁ።

አሁን ሳጥኖቹ የሉም። ድርጅቱ ግን አላባረረኝም፤ ብዙ ስክሪን ያለበት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ የሚተላለፈውን እሰማለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ የጋሽ ይልማ ትንሿ ቴሌቪዥን አለች፤ ኬኩ የተቆረሰ ቀን ኩሽና ድረስ መጥተው ከነጨርቋ ሰጡኝ። ሳህን እያጠብኩ ስለነበር እጄ ረጥቦ ነበር።

«ቁልፉንም ልሰጥሽ አስቤ ነበር» አሉኝ። «ግን አሁን በር ልከፍትበት ነው።»

አንገቴን ብቻ ነቀነቅኩ።

ባለፈው ሰሞን ከአዲስ አበባ ደወሉልኝ። ሰላም ሳይሉኝ መጀመሪያ የቁልፍ ማንቃጨል ሰማሁ። ከዚያ የብረት በሩ ሲጢጥ ሲል፣ ከዚያ የግቢ ውሻ ሲጮኽ።

«ደረሰሽ?» አሉኝ።

«ደርሶኛል፣ ጋሽዬ» አልኩ። «የግቢው ነው።»